የፀሐይ ማዕበል ትንበያ እንደ ግርዶሽ እርግጠኛ የማይሆነው ለምንድን ነው?

ጥያቄ፦ «ፀሐይ ላይ ትልቅ ፍንዳታ ደርሷል፣ ከባድ ማዕበል ነገ ምድርን ይመታል የሚል ዜና አየሁ። ስልኬን አጠፋሁ፣ ራውተሩንም ነቀልኩ። ምንም የተፈጠረ ነገር የለም። ግርዶሽን ከዓመታት በፊት በሴኮንድ ልክ የሚናገሩ ሳይንቲስቶች የፀሐይን ማዕበል ከአንድ ቀን በፊት እንኳ በትክክል መናገር የሚያቅታቸው ለምንድን ነው? ወይስ ዝም ብለው እያስፈራሩን ነው?»

ምላሽ፦ ትንበያውን ያወጡት ሰዎች እያስፈራሩዎት አይደለም። የሚያውቁትን ነው የተናገሩት። ችግሩ ሊያውቁት የሚችሉት ነገር ግማሹ ብቻ መሆኑ ነው። ማዕበሉ ከፀሐይ መነሳቱን ያያሉ። ወደ እኛ መምጣቱን ያያሉ። ፍጥነቱንም በግምት ያውቁታል። ሲደርስ ይመታናል ወይስ ነካ አድርጎን ያልፋል የሚለውን የሚወስነው ነገር ግን አጠገባችን እስኪደርስ ድረስ አይለካም።

ግርዶሽን ለመተንበይ የፀሐይን፣ የምድርንና የጨረቃን እንቅስቃሴ ማስላት ይበቃል። የስበት ሕግ ይታወቃል፣ የሦስቱም መንገድ በትክክል ተለክቷል። የፀሐይ ማዕበል የሚነሳው ግን ከፀሐይ መግነጢሳዊ መስክ ነው። ይህ መስክ በሚፈላ ጋዝ ውስጥ ይጠማዘዛል፣ ይወጠራል፤ ከዚያ ድንገት ተበጥሶ በሌላ መልክ ይያያዛል። ያን ጊዜ ብዙ ኃይል ይለቀቃል። መወጠሩን እናያለን። የሚበጠስበትን ሰዓት ግን ማንም አያውቅም።

ወደ ዋናው ነገር ከመግባቴ በፊት ዜናዎች ሁልጊዜ የሚያደባልቋቸውን ሁለት ነገሮች ልለያቸው። ግራ መጋባቱ በአብዛኛው ከዚህ ነው የሚጀምረው።

አንደኛው ሶላር ፍሌር ነው። ፍሌር የብርሃን ፍንዳታ ነው፤ በተለይ የኤክስሬይና የአልትራቫዮሌት ጨረር። ብርሃን ስለሆነ ከፀሐይ እኛ ጋ ለመድረስ 8 ደቂቃ ከ20 ሴኮንድ ያህል ይፈጅበታል። ስለዚህ ፍሌር «ነገ ይመታናል» የሚባል ነገር የለም። መሳሪያዎቻችን ባዩት ቅጽበት ደርሷል። ጉዳቱም የሚታየው ያን ሰዓት ቀን በሆነበት የምድር ወገን ብቻ ነው። አዮኖስፌር የሚባለው የላይኛው የከባቢ አየር ክፍል በጨረሩ ይታወካል፣ የአጭር ሞገድ ሬዲዮ ይጠፋል። በመስከረም 2017 (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ትላልቅ ፍሌሮች የተከሰቱት ኢርማ የተባለው አውሎ ነፋስ ካሪቢያንን እየመታ በነበረበት ሰሞን ነው። የነፍስ አድን ሠራተኞች ከሁሉም በላይ ሬዲዮ በሚፈልጉበት ሰዓት ግንኙነቱ ይቋረጥባቸው ነበር። እንዲህ ያለው ነገር በዜና እምብዛም አይወራም፤ እኔ ግን ከብዙ አስፈሪ ርዕሶች ይልቅ ይህ ያሳስበኛል።

ፍሌሮች በጥንካሬያቸው ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ኤም እና ኤክስ ተብለው ይመደባሉ። እያንዳንዱ ደረጃ ካለፈው በ10 እጥፍ ይበልጣል። «ኤክስ ደረጃ ፍንዳታ» ሲባል የሰሙት ይህንን ነው።

ሁለተኛው ሲኤምኢ በሚል አህጽሮት የሚታወቀው ነው። ይህ ብርሃን አይደለም፣ ቁስ ነው። ከፀሐይ የላይኛው ከባቢ ተቀድዶ የሚወረወር፣ በቢሊዮን ቶን የሚመዘንና መግነጢሳዊ መስኩን ይዞ የሚጓዝ የጋዝ ደመና ነው። ዘገምተኛው በሴኮንድ 300 ኪሎ ሜትር፣ ፈጣኑ እስከ 3000 ኪሎ ሜትር ይጓዛል። አብዛኞቹ ምድር ለመድረስ ከአንድ እስከ ሦስት ቀን፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይፈጅባቸዋል። የኤሌክትሪክ መስመር የሚያናጋው፣ የሰሜንና የደቡብ ዋልታን ሰማይ በቀለም የሚያጥለቀልቀው የጂኦማግኔቲክ ማዕበል የሚመጣው ከዚህኛው ነው።

ትልልቅ ፍሌሮች ብዙ ጊዜ ሲኤምኢ ያስከትላሉ። ሁልጊዜ ግን አይደለም። በጥቅምት 2014 ቁጥሩ 12192 የተባለ ግዙፍ የጥቁር ነጠብጣብ ክልል በፀሐይ ፊት ላይ ታየ። ከ1990 ወዲህ እንደዚያ የሰፋ አልታየም ነበር። ፊቱን ወደኛ አዙሮ ባለፈባቸው ሁለት ሳምንታት ስድስት የኤክስ ደረጃ ፍሌሮች ፈነዱበት። የጂኦማግኔቲክ ማዕበል ግን አላስከተለም። በላዩ ያለው መግነጢሳዊ መስክ ጠንካራ ስለነበር ቁሱን ይዞ አስቀረው። ከአምስት ወር በኋላ ደግሞ ተቃራኒው ሆነ። መጋቢት 15 ቀን 2015 አንድ የሲ ደረጃ ፍሌር ታየ። ማንም የማያስታውሰው ዓይነት መካከለኛ ፍሌር ነው። አብሮት የተነሳው ሲኤምኢ ግን መጋቢት 17 ደርሶ የዚያን የ11 ዓመት የፀሐይ ዑደት ትልቁን ማዕበል ቀሰቀሰ። ትንበያው ቀላል ማዕበል የሚል ነበር፤ የመጣው ከባድ ሆነ።

እንግዲህ «ኤክስ ደረጃ ፍንዳታ ሆኗል፣ ማዕበል ሊመታን ነው» የሚል ርዕስ ሲያዩ ገና ከመነሻው የተሳሳተ ነገር ላይ ቆሟል ማለት ነው። መጠየቅ ያለበት ጥያቄ «ሲኤምኢ ወጥቷል ወይ? ወደ እኛስ ነው ወይ?» የሚለው ነው።

አሁን ወደ እርስዎ ጥያቄ እምብርት ልግባ።

ምድር የራሷ መግነጢሳዊ መስክ አላት። ፀሐይን በሚያየው በኩል፣ በወሰኑ ላይ፣ ይህ መስክ ወደ ሰሜን ያመለክታል። የሚመጣው ሲኤምኢም የራሱን መስክ ይዞ ነው የሚመጣው። የእሱም መስክ ወደ ሰሜን ካመለከተ ሁለቱ አንዱ ከሌላው ጋር ሳይያያዝ ይተላለፋል፤ ደመናው ምድርን ገፋ አድርጎ በጎን ያልፋል። መስኩ ወደ ደቡብ ካመለከተ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ተቃራኒ መስኮች ሲገናኙ ይበጠሱና እርስ በርስ ይያያዛሉ። ያኔ የምድር በር ተከፈተ ማለት ነው። የፀሐይ ንፋስ (ከፀሐይ ሳያቋርጥ የሚፈስ ጋዝ) ኃይል ወደ ውስጥ ይገባል፣ ከምድር ጀርባ ባለው ረጅም መግነጢሳዊ ጭራ ውስጥ ይከማቻል፣ ከዚያ በየተራ ወደ ከባቢ አየራችን ይለቀቃል።

ባለሙያዎች ይህንን የሰሜን ደቡብ አቅጣጫ ቢ-ዚ ይሉታል። ፕላስ ከሆነ ወደ ሰሜን ነው፣ ማይነስ ከሆነ ወደ ደቡብ። መለኪያው ናኖቴስላ ነው። ከማይነስ 10 በታች ወርዶ ለሦስት ሰዓት ያህል ከቆየ ኃይለኛ ማዕበል ይጠበቃል። የሁሉም ነገር ቁልፍ ይህች ቁጥር ናት። በግዝፈትም በፍጥነትም እኩል የሆኑ ሁለት ሲኤምኢዎች ሊመጡ ይችላሉ፤ አንደኛው የዋልታን ሰማይ በቀይና በአረንጓዴ ያበራል፣ ሌላኛው ሳይታወቅ ያልፋል። ልዩነታቸው ይህች አቅጣጫ ብቻ ልትሆን ትችላለች።

ነገሩን የሚያወሳስበው ሌላም አለ። በሲኤምኢ ውስጥ ያለው መስክ እንደ ገመድ የተገመደ ነው። ደመናው ምድርን ለማለፍ አንድ ቀን ያህል ሊፈጅበት ይችላል። በዚያ ጊዜ ውስጥ መጀመሪያ ሰሜን፣ ቆይቶ ደቡብ ሊያመለክት ይችላል። ስለዚህ «ደረሰ ተብሎ ነበር፣ ምንም አልሆነም» ብለው ሰዎች ከተኙ በኋላ ማዕበሉ ሌሊት የሚነሳበት ጊዜ አለ። የተገላቢጦሹም ይሆናል።

ታዲያ አቅጣጫውን አስቀድመን ለምን አናየውም? ምክንያቱም የሚታየን ብርሃን ነው። ኮሮናግራፍ የሚባል መሳሪያ የፀሐይን ክብ ሸፍኖ በዙሪያዋ ያለውን ደብዛዛ ብርሃን ያነሳል። ሶሆ የተባለችው መንኮራኩር ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ይህን ስትሠራ ኖራለች። ምስሉ ላይ ደመናው ሲወጣ ይታያል፣ ፍጥነቱም ይለካል። መግነጢሳዊ መስኩ ግን በምስሉ ላይ አይታይም። በፀሐይ ገጽ ላይ ያለውን መስክ መለካት እንችላለን፤ ጆርጅ ኤለሪ ሄል በ1908 በጥቁር ነጠብጣቦች ላይ ከለካው ጊዜ ጀምሮ የምንችለው ነገር ነው። ከዚያ ተነስተን መገመትም እንሞክራለን። ግን ደመናው ከተነሳ በኋላ 150 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ሲጓዝ ይዞራል፣ ይታጠፋል፣ ከሌሎች ደመናዎች ጋር ይጋጫል። ሲነሳ የነበረው አቅጣጫ ሲደርስ ላይኖር ይችላል።

ፍጥነቱን መለካቱም ቢሆን ቀላል አይደለም። በቀጥታ ወደ እኛ የሚመጣ ደመና ምስሉ ላይ በፀሐይ ዙሪያ እንደሚሰፋ ቀለበት ነው የሚታየው። ስፋቱ ሲጨምር እናያለን፤ ወደ እኛ በስንት ፍጥነት እንደሚመጣ ግን ከዚያ ተነስተን መገመት ነው ያለብን። ከዚያ ኤንሊል የተባለውን የኮምፒውተር ሞዴል የመሰሉ መሳሪያዎች ጉዞውን ያሰላሉ። የመድረሻ ሰዓት ስህተታቸው በአማካይ ወደ 10 ሰዓት ገደማ ነው። ይህ ብዙ ይመስላል። እኔ ግን የተቃራኒው ይገርመኛል። አነሳሱን በሁለት ዓይን እንኳ በደንብ ያላዩትን ደመና በዚያ ሁሉ ርቀት ተከትሎ የመድረሻውን ግማሽ ቀን መናገር ከባድ ሥራ ነው።

ጥር 7 ቀን 2014 የሆነው ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። ከፀሐይ ፊት መሐል አካባቢ የኤክስ ደረጃ ፍሌር ፈነዳ፣ በጣም ፈጣን ሲኤምኢም ተወረወረ። ጠንካራ ማዕበል ይመጣል ተብሎ ተነገረ። ምንም የሚረባ ነገር አልመጣም። በኋላ ሲጠና ደመናው በአካባቢው ባሉ ጠንካራ መግነጢሳዊ መስኮች ተገፍቶ መንገዱን እንደቀየረና ዋናው አካሉ ምድርን እንደሳተ ታወቀ። ምናልባት እርስዎ ያጋጠመዎትም የዚህ ዓይነት ነው። ወይም ደመናው ደርሶ ቢ-ዚ ወደ ሰሜን ሆኖ ይሆናል።

አቅጣጫውን በቀጥታ የምንለካው ኤል1 በተባለ ቦታ ነው። ከምድር ወደ ፀሐይ አቅጣጫ 1.5 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ይርቃል። የምድርና የፀሐይ ስበት እዚያ ቦታ ላይ መንኮራኩር ከምድር ጋር እኩል እንዲዞር ያደርጉታል። ኤስ የተባለችው መንኮራኩር በ1997፣ ዲስኮቨር የተባለችው በ2015 ወደዚያ ተልከዋል። ደመናው እዚያ ባሉ መንኮራኩሮች ላይ ሲያልፍ መስኩን፣ ፍጥነቱንና ጥግግቱን ይለካሉ። ከዚያ ስሌቱ አጭር ነው። በሴኮንድ 800 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ ደመና 1.5 ሚሊዮን ኪሎ ሜትሩን በግማሽ ሰዓት ይጨርሰዋል። ስለዚህ እርግጠኛ መልስ የሚገኘው ሊደርስ ግማሽ ሰዓት ሲቀረው ነው።

ለዚህም ነው ማስጠንቀቂያዎች በሦስት ደረጃ የሚወጡት። በአሜሪካ ቦልደር ከተማ ያለው የጠፈር አየር ሁኔታ ትንበያ ማዕከል መጀመሪያ ደመናው ሲነሳ የክትትል መልእክት ያወጣል፤ ይህ ከአንድ እስከ ሦስት ቀን የሚቀድም ግምት ነው። ሁለተኛው ደመናው ኤል1 አካባቢ ሲታይ የሚወጣው ማስጠንቀቂያ ነው። ሦስተኛው ማዕበሉ መጀመሩን የሚናገር ነው። ዜና የሚሆነው ሁልጊዜ የመጀመሪያው ነው። እርግጠኛ የሆኑት ሁለቱ ሲወጡ ግን ሰው ሌላ ወሬ ላይ ነው።

ትንበያ ሲሰምርም ማንሳት ተገቢ ነው። በግንቦት 2024 መጀመሪያ ቁጥሩ 13664 የተባለ ክልል በጥቂት ቀናት ውስጥ ቢያንስ አምስት ሲኤምኢዎችን ወደ ምድር ላከ። የኋለኞቹ ፈጣን ስለነበሩ የፊተኞቹን ደረሱባቸው፣ ተደራረቡም። ማዕከሉ የጂ4 ደረጃ (ከአምስቱ የማዕበል ደረጃዎች አራተኛው) የክትትል መልእክት አወጣ። ከ2005 ወዲህ እስከዚያ ቀን ድረስ እንዲህ ያለ መልእክት አውጥቶ አያውቅም ነበር። ግንቦት 10 ማዕበሉ ደረሰና ጂ5 ሆነ፣ ከጥቅምት 2003 ወዲህ የመጀመሪያው። የኃይል መስመር አስተዳዳሪዎች አስቀድመው ተዘጋጅተው ስለነበር ትልቅ መቋረጥ አልደረሰም። የሰሜን አሜሪካ ገበሬዎች ግን ትራክተሮቻቸውን በጂፒኤስ በሴንቲ ሜትር ልክ ስለሚነዱ በዘር ሰሞን ሥራ ለማቆም ተገደዋል።

አሁን ስለ ስልክዎ። ማጥፋት አያስፈልግዎትም ነበር። የጂኦማግኔቲክ ማዕበል የምድርን መስክ ሲያናውጥ በመሬት ላይ የኤሌክትሪክ ግፊት ይፈጠራል። በጣም ኃይለኛ ማዕበል ሆኖ በአንድ ኪሎ ሜትር 10 ቮልት ተፈጠረ እንበል። ስልክዎ 15 ሴንቲ ሜትር ቢረዝም የሚደርሰው 0.0015 ቮልት ነው። ይህ ምንም አያደርገውም። 500 ኪሎ ሜትር የሚረዝም የከፍተኛ ኃይል መስመር ግን በዚያው ግፊት 5000 ቮልት ያገኛል። አደጋው ያለው ርዝመቱ ላይ ነው። በፋይበር የሚሄደው ብርሃንም አይነካም፤ ረጅም የባሕር ውስጥ ኬብሎች ግን ምልክቱን ለሚያጠናክሩት መሳሪያዎች ኃይል የሚወስድ ረጅም የብረት ሽቦ ስላላቸው ጥያቄው እነሱ ላይ ነው የሚነሳው።

መስመሩ ላይ የሚገባው ጅረት አቅጣጫው በዝግታ የሚቀያየር፣ ከቀጥታ ጅረት ጋር የሚመሳሰል ነው። ትራንስፎርመር የተሠራው በሴኮንድ 50 ወይም 60 ጊዜ ለሚመላለስ ጅረት ነው። ያኛው ሲገባበት የብረት እምብርቱ ከአቅሙ በላይ ይሞላል፣ ይግላል፣ መስመሩንም ያዛባዋል። መጋቢት 13 ቀን 1989 በካናዳ ኪውቤክ የሆነው ይህ ነው። የቮልቴጅ ማረጋጊያ መሳሪያዎች ተራ በተራ ከመስመር ወጡ፣ በ90 ሴኮንድ ያህል ውስጥ መላው መረብ ወደቀ። ስድስት ሚሊዮን ሰው ለዘጠኝ ሰዓት ያህል በጨለማ ቆየ። በብርዱ ወቅት ነው ይህ የሆነው። የአካባቢው ጠንካራ ዓለት ኤሌክትሪክ በደንብ ስለማያስተላልፍ ጅረቱ በመሬት ከመሄድ ይልቅ መስመሮቹን መረጠ።

ከዚያም የባሰ መጥቶ ያውቃል። መስከረም 1 ቀን 1859 ሪቻርድ ካሪንግተንና ሪቻርድ ሆጅሰን በየፊናቸው ፀሐይ ላይ ነጭ ብልጭታ አዩ። ከ18 ሰዓት ባነሰ ጊዜ ማዕበሉ ደረሰ። የቴሌግራፍ መስመሮች ብልጭታ ተፉ፤ በቦስተንና በፖርትላንድ መካከል ያሉ ኦፕሬተሮች ባትሪያቸውን ነቅለው በማዕበሉ ጅረት ብቻ መልእክት ተለዋወጡ። በሐምሌ 2012 ከዚያ ጋር የሚወዳደር ደመና ከፀሐይ ተነስቷል። ወደ እኛ ሳይሆን ወደ ሌላ አቅጣጫ ሄደ፤ በመንገዱ ላይ የነበረችው ስቴሪዮ የተባለች መንኮራኩር ለካችው። «ሁልጊዜ ይባላል፣ ምንም አይመጣም» የሚሉ ሰዎችን ስሰማ የማስበው ይህንን ነው።

ትንሽ ማዕበልም ለአንዳንዱ ትልቅ ነው። በየካቲት 2022 ስፔስኤክስ 49 የስታርሊንክ ሳተላይቶችን ወደ 210 ኪሎ ሜትር ከፍታ አመጠቀ። ቀላል የሚባል ማዕበል መጣ። የላይኛው ከባቢ አየር ሞቆ ወደ ላይ ሰፋ፣ ሳተላይቶቹ ላይ ያለው ግጭት ጨመረ፣ እስከ 40 የሚሆኑት ወድቀው ተቃጠሉ።

በመግነጢሳዊው የምድር ወገብ አካባቢ ለሚኖር ሰው ደግሞ ጉዳዩ ትንሽ ይለያል። የዋልታ ብርሃን አያይም፣ የኃይል መስመር ስጋቱም ከሰሜኖቹ ያነሰ ነው። አዮኖስፌር ግን በዚያ አካባቢ በተለይ ከፀሐይ መጥለቅ በኋላ ያለ ማዕበልም ቢሆን ይታወካል። የጂፒኤስ ምልክት ሊርገበገብና ቦታን በሜትሮች ሊያስት ይችላል። ማዕበል ይህንን አንዳንዴ ያባብሰዋል፣ አንዳንዴም ያስቆመዋል።

የሚቀጥለውን ዜና ሲያዩ መጀመሪያ ፊደሉን ይመልከቱ። ከጂ1 እስከ ጂ5 ያለው የጂኦማግኔቲክ ማዕበል መለኪያ ነው። ጂ1 በአንድ የፀሐይ ዑደት ወደ 1700 ጊዜ ያህል ይጠበቃል፤ ጂ5 ወደ አራት ጊዜ ብቻ። ጂ1 እና ጂ2 ለዕለት ኑሮዎ ምንም ናቸው። ጂ4 ወይም ጂ5 ከተባለ የኃይል መቋረጥ ሲጠበቅ የሚያደርጉትን ያድርጉ፦ ስልክዎን ቻርጅ ያድርጉ፣ የእጅ ባትሪ ያዘጋጁ። ከዚያ የኤል1ን መረጃ ይከታተሉ፣ ለማንም ክፍት ነው። የቢ-ዚ መስመር ከዜሮ በታች ወርዶ እዚያው ከቆየ ማዕበሉ እውነት ነው።

ትንበያውን ለማሻሻል እየተሠራ ነው። በመስከረም 2025 አሜሪካ ለዚሁ ሥራ ብቻ የተዘጋጀች አዲስ መንኮራኩር ወደ ኤል1 ልካለች። የአውሮፓ ጠፈር ኤጀንሲ ቪጂል የተባለችውን በ2031 አካባቢ ለማምጠቅ አቅዷል። ቪጂል ፀሐይን ከጎን ስለምታይ ወደ እኛ የሚመጣውን ደመና ፍጥነት በደንብ ትለካለች፤ ወደ እኛ ገና ያልዞሩ ነጠብጣቦችንም ቀድማ ታያለች። ቢ-ዚን ግን ከጎን ሆኖ ማየት አይቻልም። ለእሱ ከኤል1 ይልቅ ወደ ፀሐይ ቀረብ ብሎ በደመናው መንገድ ላይ የሚቆም መለኪያ ያስፈልጋል። በ15 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ርቀት አንድ ቢቆም ያቺ ግማሽ ሰዓት አምስት ሰዓት ትሆናለች። በአምስት ሰዓት የኃይል መስመር አስተዳዳሪ ጭነት ይቀንሳል፣ ለጥገና የወጡ መስመሮችን ይመልሳል፣ አየር መንገድ በዋልታ የሚያልፉ በረራዎቹን ያዞራል።